መንጠቆው የት ይቀመጥ?

ሞርሳው ትንሽ ነው፤ በአንድ መዳፍ ይያዛል። ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ታስሮ አንዲት መንጠቆ ነክሷል። ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ጥቁር ክር በመንጠቆዋ ወገብ ላይ ይጠመጥማሉ፤ እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው ጎን ተጠግቶ ይተኛል እንጂ አንዱ በሌላው ላይ አይወጣም። ከዚያ 10 ኪሎ ያህል የሚሸከም ወፍራም ናይለን ቆረጡና ለሁለት አጠፉት። እጥፋቱን በሌላ መንጠቆ ዓይን አሾለኩ፣ መንጠቆዋን ራሷን በቀለበቱ ውስጥ አሳለፉና ሳቡት፤ ቋጠሮው አንገቷ ላይ ጠበቀ። የናይለኑን ሁለት ጫፎች በፊተኛዋ መንጠቆ ወገብ ላይ አስተኝተው በክር ጠፈሯቸው፣ በዓይኗ አውጥተው ወደ ኋላ አጠፏቸው፣ እንደገና ጠፈሯቸው። በላዩ አንዲት ጠብታ ሱፐር ግሉ።

«ይህን ሳያጥፍ የሚያስር ሰው አለ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ትልቅ ዓሣ ሲመጣ ናይለኑ ከክሩ ሥር ተንሸራትቶ ይወጣል። ዓሣው የኋላዋን መንጠቆ አፉ ውስጥ ይዞ ይሄዳል።»

ሙጫው ሲደርቅ የኋላዋን መንጠቆ ጠረጴዛው ላይ በተመታ ሚስማር ላይ አንጠለጠሉ፤ የፊተኛዋን በፒንሳ ይዘው በሰውነታቸው ክብደት ወደ ኋላ ሳቡ። ናይለኑ ተወጥሮ ቀጠነ እንጂ አልተንሸራተተም። ያኔ ነው ላባ የያዘውን መሳቢያ የከፈቱት።

ቦታው ምዕራብ ዌልስ፣ ላንዳይሎ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ወረድ ብሎ ያለ መንደር ነው፤ ወሩ ሐምሌ። ሽማግሌው ከአናጺነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ የጓሯቸው የእንጨት ጎጆ የሥራ ክፍላቸው ሆኗል። በግድግዳው ላይ መጋዝና መሮ ተሰቅሏል፤ በመሳቢያዎቹ ውስጥ ግን ያለው የዳክዬ፣ የዶሮና የጣዎስ ላባ ነው። ከቤቱ በእግር ጥቂት ሲኬድ የታዊ ወንዝ አለ፤ ከምንጩ እስከ ባሕሩ በዌልስ ምድር ብቻ ከሚፈሱት ወንዞች ረጅሙ፣ 120 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን። የዚህ አካባቢ ሰዎች ከሳልሞን ይልቅ የሚኮሩት እነሱ ሱዊን በሚሉት፣ የቀረው ብሪታኒያ የባሕር ትራውት በሚለው ዓሣ ነው። ከካርዲፍ ድረስ የመጣሁት ለዚህ ዓሣ፣ ይልቁንም ዓሣው ለሚያዝበት ማታለያ ስል ነው።

በአገራችን ሐይቆች ዳር ያደገ አንባቢ መንጠቆ ሲባል ትል ወይም ሊጥ ተሰክቶበት ውሃ ውስጥ የሚጣለውን ያስባል። በፍላይ ማጥመድ የተለየ ነው። ፍላዩ ከላባ፣ ከጸጉርና ከክር የተሠራ ስለሆነ ክብደት የለውም፤ ብቻውን አይወረወርም። የሚወረወረው ወፍራሙ የማጥመጃ ገመድ ነው። ዘንጉ ገመዱን በአየር ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየወዘወዘ ያስረዝመዋል፣ በገመዱ ጫፍ የታሰረው ቀጭን ናይለንና ፍላዩ ተከትለው ይሄዳሉ። ስለዚህ ማታለያ የሚሠራ ሰው ሁለት ጌቶች አሉት፦ ውሃ ውስጥ ሕይወት ያለው መምሰል አለበት፣ አየር ላይ ደግሞ ቀላል ሆኖ ሳይጠላለፍ መብረር አለበት። ለሌሊት የሚሠራ ከሆነ ሦስተኛ ይጨመርበታል፤ ባለቤቱ በዓይኑ ሳያየው በትክክል መዋኘት አለበት።

የባሕር ትራውት የተለየ ዘር አይደለም። ዕድሜውን በሙሉ በወንዝ ከሚኖረው ቡናማ ትራውት ጋር አንድ ነው፤ በሳይንሱ ሁለቱም ሳልሞ ትሩታ ይባላሉ። በአንድ የጠጠር ጎጆ ከአንድ እናት ከተፈለፈሉ ሁለት ጫጩቶች አንዱ እዚያው ወንዝ ቀርቶ መዳፍ የሚያህል ነጠብጣባም ዓሣ ይሆናል፤ ሌላው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቆይቶ በጸደይ ብርማ ለብሶ ወደ ባሕር ይወርዳል። ከሚወርዱት የሚበዙት ሴቶቹ ናቸው። ትልቅ አካል ብዙ ዕንቁላል ይይዛል፣ ትልቅ አካል ደግሞ የሚገነባው በባሕር ቀለብ ነው። ሳንድ ኢል የሚባለውን ቀጭን ዓሣ፣ ትንንሽ ሄሪንግና ሽሪምፕ እየበላ ይወፍራል። አንዳንዱ በጥቂት ወራት ግማሽ ኪሎ ሳይሞላ ይመለሳል፤ ሌላው ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ኪሎ ሆኖ ይመጣል። እንደ ፓስፊክ ሳልሞን አንዴ ተራብቶ አይሞትም፤ ከሞት ካመለጠ በየዓመቱ ይመላለሳል።

የዚህ ዓሣ የቅርብ ዘመድ ባሌ ውስጥም አለ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ከኬንያ የመጣ ትራውት በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቅቆ ነበር፤ ዲንሾ የሄደ ሰው ስለ ዌብና ዳንካ ወንዞች ትራውት ሳይሰማ አይመለስም። የባሌው ግን ባሕር አያውቅም። ዌብ ቁልቁል ወርዶ ውሃው በመጨረሻ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚያመራ ቢሆንም፣ ቀዝቃዛ ውሃ ካላገኘ የማይኖር ዓሣ የቆላውን ሙቀት አያልፍም። ስለዚህ እዚያው ደጋው ላይ ቀርቶ ነፍሳት እየለቀመ ይኖራል፤ ሲርበውም ይበላል።

የታዊው ዓሣ ችግር እዚህ ላይ ነው፤ ከባሕር የተመለሰ የባሕር ትራውት መብላት አቁሟል ማለት ይቻላል። ስቡን ከባሕር ይዞ መጥቷል፤ እስከ መጸው መራቢያው ድረስ በጥልቅ ገንዳ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። በበጋ ውሃው ሲጎድልና ሲጠራ ደግሞ ከሁሉም ዓሣ ይበልጥ ደንጋጣ ነው። ቀን ቀን የሰው ጥላ ወይም የገመድ ብልጭታ ካየ ለሰዓታት አይረጋጋም። ሲጨልም ግን ድፍረት ያገኛል፤ ከጥልቁ ወጥቶ ወደ ገንዳው ጅራት፣ ውሃው ወደሚሳሳበት ይንሸራተታል። በሌሊት የሚጠመደው በዚህ ምክንያት ነው።

የማይበላ ዓሣ ማታለያ ለምን ይነክሳል? ከባሕር የቀረ የአደን ልማድ ነው የሚሉ አሉ፤ ቁጣ ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ አላለቀም። የማያከራክረው አነካከሱ ነው። የራበው ዓሣ አድኖ ይውጣል፤ ይህኛው ግን ከኋላ ተጠግቶ ጅራቱን ቆንጠር አድርጎ ይተዋል። አጥማጁ በጣቱ ላይ በያዘው ገመድ ጠቅ የሚል ነገር ይሰማዋል፣ ዘንጉን ያነሳል፣ ምንም የለም። ዳግመኛ ይወረውራል፤ ጠቅ፣ ምንም የለም። ሌሊቱን በሙሉ እንዲህ ሊያነጋ ይችላል።

የሽማግሌው ሙያ በሙሉ የሚነሳው ከዚህች ንክኪ ነው። ማታለያ ለመሥራት ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ምን ይምሰል ብለው አይደለም፤ መንጠቆው የት ይቀመጥ ብለው ነው። ቀለምና ብልጭታ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እኔም በዚህ ከእሳቸው ጋር ነኝ። በሱቅ መስኮት የተደረደሩት ፍላዮች ውበታቸው ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ አንድ ረጅም መንጠቆ ላይ የታሰሩ ናቸው፣ ላባቸውም ከመንጠቆው ጫፍ አልፎ ይሄዳል። ዓሣው የሚቆነጥረው ያንን ትርፍ ላባ ነው።

ነገሩን ከማንም በላይ በግልጽ የጻፈው ሂዩ ፎልከስ ነው። በ1917 የተወለደው ፎልከስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የስፒትፋየር አብራሪ ነበር፤ አውሮፕላኑ ወድቆ በጀርመኖች እጅ ምርኮኛ ሆኖ ቆይቷል። ከጦርነቱ በኋላ ፊልም ሠሪና ጸሐፊ ሆነ፤ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በከምብሪያ ኤስክ ወንዝ አጠገብ ኖሮ በ1996 አረፈ። ስለ ባሕር ትራውት ማጥመድ የጻፈውን መጽሐፍ በ1962 አሳተመ፣ በ1975 አስፋፍቶ ደገመው። ሌሊት የሚያጠምዱ እንግሊዞችና ዌልሶች እስከ ዛሬ አንድም ከእሱ ይስማማሉ፣ አንድም ከእሱ ጋር ይሟገታሉ፤ ሳይጠቅሱት የሚያልፉት የለም።

ሽማግሌው በሞርሳቸው ላይ ያሰሩት የእሱን ሰንክ ሉር ነው፤ ጠልቆ የሚዋኝ ማታለያ ማለት ይሆናል። ርዝመቱ ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር፤ ትራውቱ ከባሕር የሚያውቀውን ቀጭን ዓሣ የሚያህል። ሁለት ትንንሽ መንጠቆዎች ፊትና ኋላ ሆነው በናይለን ይያያዛሉ። ወገቡ በብርማ ጥብጣብ ይጠቀለላል፤ በላዩ ሁለት ሰማያዊ የዶሮ አንገት ላባዎች፣ በእነሱም ላይ አረንጓዴና ነሐስ የሚያብለጨልጩ ጥቂት የጣዎስ ላባ ጭረቶች። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ብልሃቱ ያለው ላባው የሚያበቃበት ቦታ ላይ ነው፤ ከኋለኛዋ መንጠቆ ጉብጠት ማለፍ የለበትም። ሽማግሌው ላባውን አስተኝተው ለኩ፣ አነሱት፣ ከሥሩ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ቆረጡ፣ እንደገና ለኩ። አንዱን ጨርሰው ሲያስሩ ላባው በትንሹ ጠመም ስላለባቸው በምላጭ ክሩን ፈትተው ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ለምን ይህን ያህል እንደሚጨነቁ ጠየቅኳቸው። መልሳቸው ስለ አየሩ ነበር። ገመዱ ወደ ኋላ ተወርውሮ ወደ ፊት ሲመለስ ረጅም ላባ ይገረፍና በመንጠቆዋ ጉብጠት ሥር ይጠለፋል። ማታለያው ከዚያ በኋላ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ እንጂ እየዋኘ አይሄድም። ቀን ቢሆን አጥማጁ አይቶ ያስተካክለዋል። በሌሊት ግን አንድ ሰዓት ሙሉ የተጠለፈ ማታለያ እየወረወረ፣ ዓሣው ዛሬ ፈቃድ የለውም ብሎ ሊያምን ይችላል። የሁለቱ መንጠቆዎች ማያያዣም እንዲሁ፤ በጣም ከለሰለሰ የኋለኛዋ መንጠቆ በፊተኛዋ ላይ ትጠመጠማለች። ስለዚህ ናይለኑ ወፍራም መሆን አለበት፣ ለጥንካሬው ብቻ ሳይሆን ቀጥ ብሎ እንዲቆም።

ፀሐይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ገባች፤ እኛ ወንዙ ዳር ደርሰናል፣ ግን አልገባንም። የመጀመሪያው ሕግ መጠበቅ ነው። ቸኩሎ የገባ አጥማጅ ገንዳውን ለራሱም ለሌላውም ያበላሻል። ሳሩ ላይ ተቀምጠን የማዶው የአበባ ቀለም እስኪጠፋ፣ ሁሉም ነገር ግራጫ እስኪሆን ቆየን። የሌሊት ወፎች በውሃው ላይ መመላለስ ጀመሩ። ከታች፣ ገንዳው ጅራት ላይ፣ አንድ ከባድ ነገር ዘልሎ ወደቀ። ሽማግሌው አልተንቀሳቀሱም፤ «ይዝለል» አሉ ብቻ።

በዚህ መሃል እጃቸው ሥራ አልፈታም። ዘንጋቸው ሦስት ሜትር ያህል ነው፣ ቁጥር 7 ገመድ የሚወረውር። በገመዱ ጫፍ ያለው ናይለን አራት ኪሎ ተኩል ይሸከማል፤ ለቀን ትራውት ይህ ወፍራም ነው፣ ለሌሊት ግን ዓሣው ናይለኑን አያይም፣ አጥማጁም በጨለማ ውስጥ ትልቅ ዓሣ በቀጭን ክር ማስታመም አይችልም። ከዘንጉ ጫፍ እስከ መጨረሻው ናይለኑን በከንፈራቸው መሃል ቀስ ብለው ሳቡት። ነፋስ ወይም ያልተሳካ ውርወራ በናይለን ላይ የምትቋጥራት ትንሽ ቋጠሮ ጥንካሬውን በእጅጉ ትቀንሳለች፤ ጣት የማይሰማትን ቋጠሮ ከንፈር ይሰማታል። ሌሊቱን በየጊዜው ይህን ይደግሙታል። ሁለተኛ ፍላይ በጎን አያስሩም። በቀን ሁለትና ሦስት ፍላይ በአንድ ናይለን ማሰር የተለመደ ነው፤ በጨለማ ግን አንዱ ዓሣ ሲይዝ ሌላው መረቡን ወይም የሰው እጅ ይይዛል።

ማታለያውን የሚያስሩበት ቋጠሮም ከአሠራሩ ጋር የተያያዘ ነው። ለባለ ሁለት መንጠቆው ናይለኑን በዓይኑ አሳልፈው አንገቱ ላይ ያጠብቁታል፤ ማታለያው ከናይለኑ ጋር ቀጥ ብሎ በአንድ መስመር ይሄዳል። አጭርና ከበድ ያለ ሲሆን ግን ክፍት ቀለበት ይቋጥራሉ፤ በነጻነት እንዲወዛወዝ። በሱቅ የተገዛ ማታለያ ይህን አይነግርህም።

ፎልከስ ሌሊቱን እንደ ኳስ ጨዋታ ከፋፍሎታል። ከጨለመ እስከ እኩለ ሌሊት የመጀመሪያው አጋማሽ ነው፤ ዓሣው ንቁ ነው፣ ገመዱ ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል፣ ማታለያው ጥልቅ አይሄድም። ከዚያ ዕረፍት፤ ወንዙ የሞተ ይመስላል፣ ብዙው አጥማጅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁለተኛው አጋማሽ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዓሣው ወደ ታች ወርዷል፣ አየሩ ቀዝቅዟል። ሰንክ ሉር ከሚሰምጥ ገመድ ጋር ተጣምሮ ቀስ ብሎ በጥልቁ የሚጎተተው በዚያ ሰዓት ነው። ትልልቆቹ ዓሦች የሚያዙትም በአብዛኛው ያኔ ነው ይላሉ ሽማግሌው።

እኩለ ሌሊት አልፎ ነፋሱ ጸጥ ሲል ሌላ ሳጥን ከፈቱ። ከቡሽ የተቀረጸ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል የሚሆን ጥቁር ነገር፣ ከሁለት ጎኑ ጠንካራ የክንፍ ላባ የወጣለት። ይህኛው አይሰምጥም። ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ሲጎተት ከኋላው ሁለት ክንድ ያለው ሞገድ ይዘረጋል፤ ዓሣው ከታች ሆኖ የሚያየው ማታለያውን ሳይሆን ያንን የሞገድ መስመር ነው፣ በጎኑ ባለው የስሜት መስመርም ንዝረቱን ይሰማል። ውሃው በነፋስ ከተሸበሸበ ግን ሞገዱ ይጠፋልና ዋጋ የለውም። ቡሹን የቀረጹት ከወይን ጠርሙስ ክዳን ነው፤ አናጺነታቸው እዚህ ላይ ያስታውቃል፣ ሁለቱ ጎኖች እኩል ካልሆኑ በአንድ ጎኑ ይተኛልና። መንጠቆው ከቡሹ ሥር ሳይሆን በአጭር ናይለን ተንጠልጥሎ ከኋላው ይከተላል። ምክንያቱ ያው ነው፤ ዓሣው ሞገዱን የሚመታው ከኋላ ነው።

አንድ መጣ። ድምፁ ድንጋይ ውሃ ውስጥ እንደተጣለ ሆኖ ተሰማ፤ ዘንጉ ጎበጠ፤ ገመዱ ከጥቅሉ እየጮኸ ወጣ፤ ከዚያ ልል ሆነ። ሽማግሌው ማታለያውን ሰብስበው ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተው በግንባር ባትሪያቸው ቀይ መብራት አዩት። መንጠቆው ላይ እንደ መስተዋት የምታበራ አንዲት ቅርፊት ቀርታ ነበር። ከባሕር በቅርቡ የመጣ ዓሣ ቅርፊቱ በቀላሉ ይረግፋል። «በጎኑ ነው የነካው» አሉና የመንጠቆውን ጫፍ በአውራ ጣት ጥፍራቸው ላይ ሞከሩት፤ ጥፍሩን ቧጭሮ ከቆመ ስለታም ነው፣ ከተንሸራተተ መሞረድ አለበት።

የተያዘ ዓሣ የሚያመልጥበት ሌላው ምክንያት ርዝመት ነው። የባሕር ትራውት እንደ ተያዘ ይዘላል፣ በአየር ላይ ይጠማዘዛል። መንጠቆው ረጅምና አንድ ወጥ ብረት ከሆነ ዓሣው በተጠማዘዘ ቁጥር የብረቱ ርዝመት በመዶሻ ጅራት ሚስማር እንደሚነቀል ጫፉን ከመንጋጋው ይነቅለዋል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ መንጠቆውን ከማታለያው አካል መለየት ነው። በ1940ዎቹ አበርዲን ውስጥ ባለ አንድ የማጥመጃ ዕቃ ቤት ላባውን በመንጠቆ ፋንታ በቱቦ ላይ ማሰር ተጀመረ። ናይለኑ በቱቦው ውስጥ ያልፍና ከኋላው ባለች ትንሽ መንጠቆ ላይ ይታሰራል። ዓሣው ሲያዝ ቱቦው በናይለኑ ላይ ወደ ላይ ይንሸራተታል፤ አፉ ውስጥ የቀረችው አጭር መንጠቆ ብቻ ስለሆነች ለመንቀል የሚያግዝ ርዝመት የለም። መንጠቆዋ ስትደነዝ ማታለያው አይጣልም፣ እሷ ብቻ ትቀየራለች። ቱቦው ፕላስቲክ ከሆነ ይንሳፈፋል፣ አሉሚኒየም ከሆነ ትንሽ ይሰምጣል፣ ነሐስ ከሆነ ወደ ታች ይወርዳል፤ አንዱን አለባበስ በተለያየ ጥልቀት ማዋኘት ይቻላል።

ሽማግሌው በጣም የሚወዱት ቱቦ መርፌ የሚያህለው ቀጭን የብረት ቱቦ ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው። እሱን መቁረጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። በመቀስ ወይም በፒንሳ ከተቆረጠ አፉ ይጨፈለቃል፤ በቀጭን ሞረድ ዙሪያውን ቆርጠው ይሰብሩታል፣ ከዚያም የውስጡን ጠርዝ በመርፌ ጫፍና በአሸዋ ወረቀት ያለሰልሱታል። ያልለሰለሰ ጠርዝ ናይለኑን ሌሊቱን ሙሉ ሲገዘግዘው ያድራል። ከኋላው አጭር የሲሊኮን እጅጌ ይገባል፤ የመንጠቆዋን ዓይን በመስመሩ ይዞ ይጓዛል፣ ዓሣው ሲስብ ይለቃታል።

ባለፉት ዓመታት በዌልስ ወንዞች ላይ የበዛው ደግሞ ስኔክ ይባላል። አካሉ የተጎነጎነ ናይለን ነው፤ ከፊት ትንሽ ዓይን፣ ከኋላ ትንሽ መንጠቆ፣ በመሃሉ ሰባት፣ ስምንት፣ አንዳንዴ አሥር ሴንቲ ሜትር ለስላሳ ላባና ጸጉር። አካሉ እንደ ልብ ይተጣጠፋል። ሲሠራ ፊተኛው መንጠቆ ለሞርሳው መያዣነት ብቻ ያገለግላል፤ ማታለያው ካለቀ በኋላ ጉብጠቱ በፒንሳ ይቆረጣል። ሽማግሌው ያን ሲያደርጉ እኔንም መነጽር አስደረጉኝ፤ የምትቆረጠው ጫፍ ወዴት እንደምትበር አይታወቅም። ይህኛው የሰንክ ሉርን ጥያቄ ከራሱ ከፎልከስ በተሻለ ይመልሳል ብዬ አምናለሁ። መጠኑ ያው ነው፣ መንጠቆው ያው ጅራቱ ላይ ነው፣ ከፊት ግን ዓሣውን የሚያቆስል ሁለተኛ ብረት የለም።

ነገሩን ከሌላ አገር ጋር ማነጻጸር ይረዳል። በዴንማርክ የፊን ደሴት ዳርቻ ይኸው ዓሣ በቀን፣ በባሕሩ ውስጥ ይጠመዳል። ደሴቲቱ ከ1990 ጀምሮ ጅረቶቿን እያደሰች፣ ጫጩት እየለቀቀች ራሷን የባሕር ትራውት አገር አድርጋለች። እዚያ ያለው ዓሣ ርቦታል፤ ሽሪምፕና የባሕር ትል እያሳደደ ነው፣ ያገኘውን ሙሉ በሙሉ ይውጣል። ስለዚህ የዴንማርኮቹ ፍላይ ያለ አንዳች ጭንቀት በአንዲት አጭር መንጠቆ ላይ ይታሰራል። ፓተግሪሰን የተባለው ሮዝ ሽሪምፕ መሰል ፍላይ የታወቀው ነው። ዓይኖቹን የሚሠሩት የናይለን ጫፍ በላይተር አቅልጠው ነው፤ ናይለኑ ሲሞቅ ጫፉ ላይ ትንሽ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ጥበባቸው በሙሉ የሚያርፈው በዓይኑ፣ በጢሙና በቀለሙ ላይ ነው፤ የሚበላ ዓሣ መርጦ ያያልና። የማይበላውን የሚያጠምደው የዌልስ ሰው ደግሞ ጥበቡን በጅራቱ ላይ አዋለ።

ስለ ቀለም ሽማግሌውን ብዙ ጠይቄያቸዋለሁ፤ የማይገፉበት ርዕስ ነው። ሰማያዊና ብርማ የቆየ ልማድ ነው። ለዘመናት የሚታሰረው ቲል ብሉ ኤንድ ሲልቨር የተባለው ፍላይ ወገቡ ብርማ ጥብጣብ፣ ጉሮሮው ደማቅ ሰማያዊ፣ ክንፉ ቲል የተባለችው ዳክዬ ነጭና ጥቁር መስመር ያለው ላባ ነው። ለጨለማው ጨለማ ጥቁር ያስራሉ። ዓሣው ከታች ወደ ላይ ስለሚያይ፣ በሌሊቱ ሰማይ ፊት ከሁሉም ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ጥቁር ቅርጽ ነው። ከዚህ ውጭ ያለውን ቀለም አጥማጁ ለራሱ ልብ ሲል ይጨምረዋል ባይ ናቸው። እኔ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልተከተልኳቸውም፤ በምሽቱ መጀመሪያ፣ ብርሃኑ ገና ሳይጠፋ፣ ብርማው ሥራ ይሠራል ብዬ አስባለሁ።

የሚያሳስባቸው ጉዳይ ሌላ ነው። የባሕር ትራውት ቁጥር በዌልስ ወንዞች ቀንሷል፤ የሳልሞኑ ከዚያም የባሰ ነው። ምክንያቱ አንድ አይደለም፦ የእርሻ ፍሳሽ፣ የፍሳሽ ማስወገጃ፣ የሚሞቅ ውሃ፣ በባሕሩ ውስጥ የሚደርሰው ሁሉ። ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ በዌልስ በዘንግ የተያዘ ሳልሞን በሙሉ ወደ ውሃው እንዲመለስ ታዟል፤ ወደ ኋላ የዞረ ጥርስ ያለው መንጠቆም ቀርቷል። ብዙ አጥማጆች የባሕር ትራውቱንም በፈቃዳቸው ይለቃሉ፤ በተለይ ትልልቆቹን ሴቶች፣ ብዙ ዕንቁላል የሚጥሉት እነሱ ናቸውና።

ዓሣው የሚለቀቅ ከሆነ የማታለያው ጥያቄ ይቀየራል። ሰንክ ሉር ሁለት መንጠቆ አለው፤ አንደኛዋ መንጋጋውን ስትይዝ ሌላዋ ዓይኑን ወይም ብራንኪያውን ልትወጋ ትችላለች፣ አንዳንዴም አፉን ዘግታ ትሰፋዋለች። ባለ ሦስት ጫፍ ትንሽ መንጠቆ ደግሞ አጥብቆ ይይዛል፤ በጨለማ፣ በቀዘቀዘ ጣት ለመንቀል ግን ጊዜ ይወስዳል። ዓሣው ከውሃ ውጭ የሚቆየው ያን ጊዜ ነው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወደ ጎጆው ስመለስ ሽማግሌው አሮጌ ሳጥኖቻቸውን በጠረጴዛው ላይ ዘርግተው የድሮ ሰንክ ሉሮቻቸውን አንድ በአንድ ያዩ ነበር። የፊተኛዋን መንጠቆ ከጉብጠቷ ይቆርጧታል፣ የኋለኛዋን ጥርስ በፒንሳ ተጭነው ያስተኙታል። ማያያዣው ያረጀውን ላባውን ገፍፈው ለሌላ ሥራ ያስቀምጡታል።

ያልተስማማንበት የአንዷ መንጠቆ መጠን ነው። እኔ ቁጥር 8 ትበቃለች አልኩ፤ ትንሽ ቁስል ታደርጋለች፣ ቶሎ ትወጣለች። እሳቸው ሰፋ ያለችውን ቁጥር 6 ይላሉ። ትንሽ መንጠቆ ጥርስ ሳይኖራት ትልቅ ዓሣ ሲዘል ትለቃለች፣ ወይም ሥጋውን ሰንጥቃ ትሄዳለች፤ ሰፋ ያለችው ግን የመንጋጋውን አጥንት ታቅፋ ትይዛለች፣ ትግሉም ያጥራል፣ ዓሣው ሳይዝል ይለቀቃል። ሁለቱንም አሰሩ፤ አንድ ዓይነት ላባ፣ አንድ ዓይነት ርዝመት፣ መንጠቆው ብቻ የተለያየ። ጨረቃ የሌለባቸው የነሐሴ ሌሊቶች ሲመጡ በአንድ ገንዳ ላይ ሁለቱን እያፈራረቁ ይወረውሯቸዋል።